የተስተካከለው ባግ በአዲሱ ቨርዥን ለምን ተመለሰ?

ምልክቱ ይሄ ነው። በሶፍትዌራችሁ 2.3.1 ቨርዥን ያስተካከላችሁት ባግ (የኮድ ስህተት) በ2.4.0 ተመልሶ ይመጣል። ደንበኛው «ይሄ እኮ ተሠርቶ ነበር!» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ላይ የደረሰው በደረሰኝ ነበር፤ የ15 በመቶው ቫት ሲሰላ አንድ ሳንቲም ይዛነፋል። አስተካከልነው። አዲሱ ቨርዥን ሲወጣ ያቺው ሳንቲም እንደገና ጎደለች። ሰው ሁለቴ ሲያምናችሁ ሁለቴ ማሳፈር ያማል።

ምክንያቱን ሂሳቡ ውስጥ አትፈልጉት። አርብ ማታ በጥድፊያ የተሠራው ማስተካከያ የገባው ሪሊዝ-2.3 ብራንች (2.3 የሚጠገንበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ብቻ ነው። ዋናው ብራንች ጋ፣ ሜይን ላይ፣ አልደረሰም። 2.4 ደግሞ የወጣው ከሜይን ነው።

ሌላም የቀረ ካለ አረጋግጡ። የኮድ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊት ውስጥ ብዙ ሰው የሚሮጠው ጊት ብራንች ኮንቴይንስ (git branch --contains) ወደሚባለው ትእዛዝ ነው። እሱ ግን የሚያየው የኮሚቱን (የተመዘገበውን ለውጥ) መለያ ነው። ቼሪ-ፒክ የተደረገ (ተመርጦ ወደ ሌላ ብራንች የተቀዳ) ኮሚት አዲስ መለያ ስለሚያገኝ፣ ለውጡ ሜይን ላይ እያለም አያሳያችሁም። ጊት ቼሪ (git cherry) የሚባለው ትእዛዝ ይሻላል። ሜይንን አስቀድሙ፣ ሪሊዝ-2.3ን አስከትሉ። የለውጡን ይዘት ያወዳድራል። የመቀነስ ምልክት ያለው ሜይን ላይ አለ፤ የመደመር ምልክት ያለው አልተገኘም። ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ፈትታችሁ ያመጣችሁት ግን ይዘቱ ስለተቀየረ በመደመር ሊወጣ ይችላል። እሱን በዓይን ማየት ነው።

የጎደለውን ወደ ሜይን ቼሪ-ፒክ አድርጉ። ሰረዝ ኤክስ (-x) የሚለውን አማራጭ አትርሱ፤ የዋናውን ኮሚት መለያ መልእክቱ ላይ ይጽፋል። ቴስትም አብሮ ይግባ።

ለዘለቄታው ማስተካከያ ከየትኛው ብራንች ወደ የትኛው እንደሚሄድ ምረጡ። የሊነክስ ከርነል ስቴብል (የጥገና) ብራንቾች በመርህ ደረጃ የሚቀበሉት መጀመሪያ የሊነክስ ፈጣሪ የሊነስ ቶርቫልድስ ዋና ዛፍ (ዋናው ኮድ) ውስጥ የገባን ማስተካከያ ነው። የጊት ፕሮጀክት ራሱ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ሜይንት ከሚባለው የጥገና ብራንች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ወደ አዲሶቹ ብራንቾች፣ መርጅ ያደርጋል (ይቀላቅላል)። ሁለቱም ይሠራሉ። ለትንሽ ቲም ግን «መጀመሪያ ሜይን» እላለሁ። ወደ አሮጌው ማውረድ ብትረሱ፣ ማስተካከያውን የሚጠብቀው ደንበኛ ነገ ይደውላል። ወደ ሜይን ማምጣት ብትረሱ ግን እስከ ቀጣዩ ሪሊዝ ማንም አያውቅም።

በጥገና ብራንቹ ላይ ያልታሰበ አዲስ ፊቸር ካያችሁ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ሜይንን መርጅ አድርጎበታል። ፑሽ ካልተደረገ (ወደ ጋራ ሰርቨሩ ካልተላከ) ሪሴት፣ ማለትም ብራንቹን ወደ ነበረበት መመለስ፣ ይበቃል። ከተደረገ ያንን መርጅ ሪቨርት አድርጉ (በአዲስ ኮሚት ቀልብሱት)፤ ሰረዝ ኤም 1 (-m 1) የሚለው አማራጭ ያስፈልገዋል።