ለነገደ ወይጦ ቤተሰብ ወረቀት ማውጣት፦ ከየት ይጀመራል? የት ላይ ይሰናከላል?

ባሕር ዳር ውስጥ፣ በጣና ዳርና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የሚኖር፣ ከጎረቤቱ ተገልሎ የቆየው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ቤተሰብ ለአገልግሎት ሲሄድ በግልጽ «አይሆንም» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የሚሰማው «ወረቀት አምጡ» የሚል ነው። ለመታወቂያ የቤት ቁጥር ይጠየቃል፣ ለቤት ቁጥር ይዞታ፣ ለይዞታ ደግሞ መታወቂያ። በዚህ መሐል ደንገል የሚታጨድበትና ቅርጫት የሚሸጥበት ቀን ያልፋል፣ የዕለቱ ገቢም አብሮ ይቀራል። ሰው ጉዳዩን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ግንዛቤ ስለሌላቸው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግማሹን እንኳ አይነካም።

ይህን ዙሪያ ጥምጥም ለመበጠስ የሚቀለው ቦታ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ምዝገባው ነፃ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ መንገድ ይከፍታል። ምስክሩ ራሱ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ከቤተሰቡ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወይም ከትምህርት ቤቱ ፈቃደኛ ሰው ያዘጋጁ። ጎረቤት ይገኛል ብለው አይተማመኑ። ብዙ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ከአካባቢው ዕድርና ማኅበር ውጭ ሆነው ስለኖሩ «አውቀዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ጎረቤት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በምዝገባው የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ደንገል ሲያጭድ ወይም የወፍጮ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው አሻራው ይፋቃል፣ ማሽኑም ደጋግሞ ይመልሰዋል። ከዋዜማው ጀምሮ እጁን በሞቀ ውሃ ታጥቦ ቅባት ይቀባ፤ ጠዋት ደግሞ ቅባቱን ጠርጎ ይቅረብ። ጣቱ እንቢ ቢል የዓይን ብሌን ስላለ መዝጋቢው እንዲቀጥል ይጠይቁ፣ «ሌላ ቀን» ሲባሉ ዝም ብለው አይመለሱ። ቁጥሩ በአጭር መልእክት ስለሚላክ የሚሠራ ስልክ መያዝ ያስፈልጋል። የተበደሩት ስልክ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ነገ የሚገኝ ሰው ይሁን።

ከመዝጋቢው ፊት ከመቆም በፊት ሁለት ነገር በወረቀት ላይ ይወሰን። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ ለቤተሰቡ አንድ ስም ነው፤ ለቢሮ ግን ሦስት ሰው ነው። ሁለተኛው የልደት ዘመን ነው። በትክክል የማይታወቅ ከሆነ ቤተሰቡ ተማክሮ አንድ ቀን ይምረጥ፣ ያው ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ ይደገም። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሳይታሰብ ሲጻፍ የ20 ዓመት ወጣት 12 ዓመት ይሆናል። ስህተት ከገባ በኋላ ማስተካከል ከአዲስ ምዝገባ ይልቅ ያደክማል።

ፋይዳ ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም። ስለዚህ ቀጥሎ ቀበሌ ነው። የመኖሪያው ቦታ ይዞታ ባይኖረውም ሰዎቹ እዚያ ለመኖራቸው የሚያስረዳ ነገር ይሰብስቡ፤ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት ይጠቅማሉ። በማመልከቻው ላይ የጠየቁት የነዋሪነት ምዝገባ እንጂ የመሬት መብት አለመሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሠራተኛው የሚፈራው ወረቀቱ ነገ ለይዞታ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ነው፤ የሐይቁ ዳር መሬት ስንት ፈላጊ እንዳለው የማያውቅ የለም።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ልጁ ቤት ውስጥ ቢወለድም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልደት ማሳወቂያ መስጠት ስለምትችል ከአራስ ቤት ጀምሮ ትጠራ። 90 ቀን ቢያልፍም ምዝገባው አይዘጋም፣ የሚጠየቀው ማስረጃ ግን ይከብዳል። ምዝገባ በአገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ከመጀመሩ በፊት የተወለዱት የሚስተናገዱት «ነባር» በሚባለው ምዝገባ ነው።

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል የማይችሉ አባወራዎች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። ዝርዝሩ የሚወጣው ግን በቀበሌ ደረጃ በሚደረግ ምልመላ ነው፤ መልማዮቹ ደግሞ የሚያውቁትን ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ምልመላው የሚጀመርበትን ጊዜ አስቀድመው ይጠይቁና የቤተሰቦቹን ስም፣ የልጆቹን ቁጥርና የገቢያቸውን ምንጭ በጽሑፍ ያስገቡ። ካርዱ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቅብብሎሹን ዘሎ በቀጥታ ወደ ከተማዋ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ሲሄድ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር።

እንግሊዝ አገር ውስጥም ጂፕሲ፣ ሮማና ትራቭለር የሚባሉት ማኅበረሰቦች በዚሁ በር ላይ ይቆማሉ። የጤና አገልግሎቱ መመሪያ ከሐኪም ጋር ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም ይላል፤ እንግዳ ተቀባዩ ግን ይጠይቃል። መመሪያ ያለው ሰው ሳይሆን መመሪያውን አትሞ በእጁ የያዘ ሰው እንደሚስተናገድ እዚያም እዚህም ታይቷል።

ለትምህርት ቤት በምዝገባው ሰሞን የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ። ልጆቹ ከተመዘገቡ በኋላ ከኋላ ወንበር ላይ ለብቻቸው እንዳይሰበሰቡ ከክፍል ኃላፊው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። በቀድሞ የጉማሬ አደናቸው የተነሣ የሚሰነዘርባቸው «ጉማሬ በላ» የሚለው ስድብ ባለበት ክፍል ልጅ ከመቅረት አልፎ ያቋርጣል፣ መዝገቡ ላይ ግን «ቤተሰብ አዘዋወረው» ተብሎ ይጻፋል።

ሲከለከሉ በቃል አይከራከሩ። አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 እና አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ይጥቀሱ፤ የመጀመሪያው የእኩልነት መብትን፣ ሁለተኛው በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት መጠቀምን የሚደነግገው ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን የሚጠቅሱ አሉ፤ እሱ ለፌዴራል ተቋማት የወጣ ስለሆነ ቀበሌ ላይ አይሠራም፣ አቤቱታዎንም ያሳሳዋል። መልስ ካልመጣ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይሂዱ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያላቸው የሕዝብ እንባ ጠባቂና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላሉ። በየደረጃው መጀመሪያ የሚጠየቁት ያንን ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ነው፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ፣ ፎቶ ኮፒውን ብቻ ያስረክቡ።