ቻርጅ የሚደረገው አምፖል መብራት ሲሄድ ለምን እምቢ ይላል?

ድሬዳዋ ላይ መብራት ሲሄድ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል በርና መስኮት ይከፈታል፤ ሻማው በንፋስ ይጠፋል። ለዚህ ነው ቻርጅ የሚደረግ አምፖልና ፋኖስ በየቤቱ የገባው። የሚያናድደው በሚፈለግበት ሰዓት እምቢ ሲል ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

በእጅ ሲነካ ይበራል፣ መብራት ሲሄድ ግን አይበራም

ብዙ ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ ነው። ይህ አምፖል ቻርጅ የሚያደርገውም፣ መብራት ሲሄድ የሚበራውም ማብሪያው እንደበራ ከተተወ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚበራ ከሆነ ባትሪው አይሞላም። ስለዚህ ማታ ማታ ረጅም ሰዓት የሚበራ ቦታ፣ ሳሎን ወይም ኮሪደር ግጠሙት።

ሙከራውም ያሳስታል። ሰው ብሬከሩን ያወርድና አምፖሉ ሳይበራ ሲቀር "ተጭበረበርኩ" ይላል። አምፖሉ ማብሪያው መጥፋቱንና መብራት መሄዱን የሚለየው፣ መስመሩ ወዲያ ማዶ ከሌላ ዕቃ ጋር መገናኘቱን እያየ ነው። የሰፈሩ መብራት ሲሄድ መስመራችሁ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር እንደተያያዘ ነው። ብሬከር ሲወርድ ግን ይቆረጣል። አምፖሉ እናንተ ያጠፋችሁት ይመስለዋል።

ብታጠፉትም አይጠፋም

በአንድ ማብሪያ ላይ ሁለት እንዲህ ዓይነት አምፖል ካለ፣ አንዱ ሌላውን እንደ መስመር ያየዋል። ሁለቱም ደብዘዝ ብለው ሲበሩ ያድራሉ። አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት። ማብሪያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለችም ያው ናት፤ ማብሪያውን ኤሌክትሪሺያን ይቀይርላችሁ።

ድሮ 3 ሰዓት ይቆይ ነበር፣ አሁን 20 ደቂቃ

ይህ የኛ ከተማ ዋና በሽታ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀት። ባትሪ 25 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ድሬ 35 ትደርሳለች። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውማ አይነገርም። ሊድ አሲድ ባትሪ (እንደ መኪና ባትሪ ያለው) ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀዝቀዝ የሚለው ሐረር ላይ ያው ፋኖስ ረዘም ላለ ጊዜ ቢያገለግል አይግረማችሁ።

እናቴ ፋኖሷን ፍሪጅ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። ከፍሪጁ ጀርባ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ነው። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አዲሱን ወጥ ቤት በር አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ጥላ ቦታ አንጠለጠልንላት።

ሌላው ገዳይ ባዶውን ማስቀመጥ ነው። ከበድ የሚሉት ፋኖሶች አብዛኞቹ ሊድ አሲድ ናቸው። ባዶ ሆነው ከሰነበቱ ውስጣቸው ያሉት የሊድ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር ይጋገርና ቻርጅ አይዙም። መብራት እንደመጣ ሙሏቸው፤ ባትጠቀሙባቸውም በወር አንዴ ሙሏቸው። የሶላር ፋኖስ ከሆነ ፀሐይ ላይ የሚወጣው ፓኔሉ ብቻ ይሁን። ባትሪው በገመዱ ልክ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ፓኔሉን ከአቧራ ጥረጉት።

ባትሪው ካበጠ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ከቤት ይውጣ።

አዲስ ስትገዙ

ታይዋን ገበያ ሻጩ አምፖሉን በጣቱ ይዞ ያበራላችኋል። ያ ባትሪው ትንሽ ቻርጅ እንዳለው ብቻ ነው የሚያሳየው። ካርቶኑ ላይ ያለው "9 ዋት" መብራት ሲኖር ነው፤ በባትሪ ከዚያ በጣም ይቀንሳል። እናንተ የባትሪውን መጠን የሚናገረውን ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) ፈልጉ። 1,200 ከሆነ በሊቲየም ባትሪው 3.7 ቮልት አባዙትና ለ1,000 አካፍሉ፤ 4.4 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በ2 ዋት ቢበራ 2 ሰዓት ቢቆይ ነው። ልጅ የሚያጠናበት ቤት ይህ አይበቃም፤ ለዚያ ትልቅ ባትሪ ያለው የሊቲየም ፋኖስ ይሻላል ባይ ነኝ።

መብራት ሲመጣ ቻርጀሩ ይቃጠላል

ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ይላል። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመጣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ሰኩት።

ዛሬ ማታ ምንም ከሌላችሁ፣ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ላዩ ላይ አቁሙ፤ ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ። ብርሃኑ ክፍሉን ያዳርሳል። አጎበር በተዘረጋበት ክፍል ግን ሻማም ኩራዝም አታስገቡ።