ስኪዞፍሬንያ፦ ከተሻለው በኋላ ቤተሰብ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ስኪዞፍሬንያ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ የሌለውን ነገር እንዳለ የሚያሳምን የአእምሮ ሕመም ነው። ሰውየውን ሲያመው ሁሉም ይሯሯጣል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ መኪና ይገኛል። የሚሰማው ድምፅ ጠፍቶለት፣ እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ሲጀምር ደግሞ ቤቱ «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። በእኔ ግምት ትልልቆቹ ስህተቶች የሚሠሩት ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ቢያንስ ከሦስቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ ማገገም ይችላል። ሕመሙን ይዘው የሚሠሩና ትዳር የያዙም አሉ።

ጠበል ወይስ ክኒን ብሎ ማስመረጥ

ከባዱ ይሄ ነው። እንጦጦ ማርያምም ይሁን ሌላ ቦታ ሱባኤ የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ቤት ትቶ ይሄዳል። ባይተወውም አጠገቡ ያለው «እምነትህ ጎደለ ማለት ነው» ይለዋል። በፕሮቴስታንቱም ቤት ከጸሎት በኋላ «ተፈውሰሃል፣ ጣለው» የሚል አይጠፋም። በሙስሊሙም ቤት ሩቅያ የሚቀራለት ተመሳሳይ ነገር ሊሰማ ይችላል።

አሳሳቹ ነገር መድኃኒቱ በቆመ ማግስት ሕመሙ አለመመለሱ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመሃል ድብታው ይለቀዋል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ቤተሰብም «አያችሁ!» ይላል። ሲያገረሽበት ክኒኑን የሚያስታውስ የለም። ጥፋቱ ወደ መተት ወይ ወደ ሰው ዓይን ይዞራል።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህኛው ሕመም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ለንስሐ አባቱ አስቀድማችሁ አስረዷቸው፤ እሳቸው «መድኃኒትህን እንዳትተው» ካሉት የማንም ወሬ አይፈታውም። ጾም ከሆነ ስለ ሰዓቱ ሐኪሙን ጠይቁ። ማታ የሚዋጡት ብዙ ናቸው።

ክኒኑን ወጥ ውስጥ መደበቅ

እናት ጨንቋት ታደርገዋለች፤ አልፈርድባትም። ግን አስቡት፦ ሰውየው ሲያመው «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል» ይል የነበረ ነው። አንድ ቀን ሽሮው ውስጥ ያልሟሟ ነጭ ቁራጭ ጥርሱ ላይ ቀጭ ይላል። አሁን ማን ነው ትክክል? ከዚያ በኋላ እንኳን ክኒን፣ የእናቱን ጉርሻም አይቀበል።

«አልውጥም» ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። መድኃኒቱ አስቸግሮት ሊሆን ይችላል፦ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሰውነቱ ግትር ይላል፣ እግሩ አላስቀምጥ ይለዋል፣ ይወፍራል። የወሲብ ፍላጎቱም ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን ለእናቱ አይነግራትምና ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚያወራበት ጊዜ ስጡት። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ መድኃኒቱን ሊቀይር፣ ወይም በወር አንዴ በሚወጋ መርፌ ሊተካው ይችላል።

«ሰነፍ» ማለት

የሚሰማው ድምፅ ጠፍቶም ሰውየው ከአልጋ ላይነሳ ይችላል። አይታጠብም፣ አያወራም፣ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ቤተሰቡ «ድኖ የለ እንዴ? ስንፍና ነው» እያለ ይነዘንዘዋል። ይህ ራሱ ሕመሙ ነው፤ መድኃኒቱም ይጫነዋል። ነቀፋና ጭቅጭቅ በበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ በጥናት የታወቀ ነው።

ተቃራኒውም ያው ስህተት ነው፦ «ብር አታስይዙት፣ ለቅሶ አትውሰዱት፣ ብቻውን አይውጣ» ማለት። ይልቅ ሥራ ስጡት። ጠዋት ዳቦ እሱ ይግዛ። መልሱን እሱ ይቁጠር። ዛሬ ረስቶ ባዶ እጁን ቢመጣ ነገም እሱ ይሂድ።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር በዚህ ዓይነት መንገድ ሠርተው ነበር። ማኅበረሰቡንም አሳትፈዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች ሕክምና ብቻ ካገኙት በተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል።

ሙግት መግጠም

«ጎረቤቶች ስለኔ ያወራሉ» ሲል «አበድክ እንዴ?» አይባልም። «አዎ፣ ያወራሉ» ብሎ ማጀብም አይሆንም። «እኔ አልሰማሁም፣ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ ይታየኛል። ና፣ ወጣ እንበል» ይበቃል።

ከሰፈር መደበቅ

«እህቱን ማን ያገባታል?» የሚል ፍራቻ እንዳለ አውቃለሁ። አዋጅ ማስነገር አያስፈልግም። እሱ ከፈቀደ አንድ የልብ ጎረቤትና አንድ የእድር ሰው ይወቁ። የእድሩ ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚደረድረው እሱም ይሁን።

ጫት

አይሆንም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ለ«ትንሽ ብቻ»ም ያው ነው።

እስኪያገረሽ መጠበቅ

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። ከዚያ በር መቆለፍ፣ ስልክ ማጥፋት፣ «ሬዲዮው ስለኔ ነው የሚያወራው» ማለት ይከተላል። ሁለት ሦስት ሌሊት ካልተኛ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ። አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድም የግድ አይደለም፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ደህና ሳለ አብራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ እሱ ላይ ቀድሞ የሚታየውን ምልክት፣ ያኔ ማን ቢያናግረው እንደሚሰማ። ስለ መሞት ካወራ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ወዲያውኑ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።