ከምድር ውጭ ስላለ ሕይወትና ስለ ሃይማኖት ከተማሪዎች ጋር እንዴት እንወያይ?

እምነታቸው የተለያየ ተማሪዎችን ውይይት የምትመሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን አንዱ ስልኩን ዘርግቶ «በሌላ ዓለም ሕይወት ተገኘ ይላል፤ ታዲያ ሃይማኖት ምን ሊል ነው?» ማለቱ አይቀርም። ለመልሱ ከመቸኮላችሁ በፊት ዜናውን አብራችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ለመለማመጃ የሚሆነው የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ስለምትርቀው ኬ2-18ቢ ስለምትባል ፕላኔት ያወጡት ጥናት ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያየው ፍጡር ሳይሆን፣ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ በከባቢ አየሯ ውስጥ ዘልቆ የመጣውን ብርሃን ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ በምድር ላይ በአብዛኛው የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመነጩትን የዳይሜቲል ሰልፋይድ ጋዝን ምልክት አየን አሉ፤ ሌሎች የሙያው ሰዎች ግን ምልክቱ ደካማ ነው ብለው ተሟገቱ።

እኔ ከንባቡ አስቀድሜ ብጣሽ ወረቀት አድዬ «ሕይወት ተገኘ ሲባል የሚታያችሁን ሣሉ» እላለሁ። ራሰ ትልቅ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ፍጡር ከየወረቀቱ ብቅ ይላል፤ ሥዕሉ ከዜናው ጎን ሲቀመጥ ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት። ባክቴሪያ ቢገኝ ለሃይማኖት የሚያስነሣው ጥያቄ አዲስ የአበባ ዝርያ ከሚያስነሣው የሚበልጥ አይመስለኝም። አእምሮና ነፃ ፈቃድ ያለው ፍጡር ቢገኝ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ለክርስቲያኖቹ ጥያቄው የሚወድቀው በምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ሆነ በሚለው ትምህርት ላይ ነው፦ ያ ፍጡር በአዳም በደል ይጠየቃል? አንድ ጊዜ የተፈጸመው መሥዋዕት እርሱንም ይመለከታል? ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነም ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየ ካወገዛቸው 219 አንቀጾች አንዱ፣ ፈጣሪ ብዙ ዓለማትን ሊፈጥር አይችልም የሚል ነበር። ጳጳሱ ብዙ ዓለማት አሉ ማለቱ ሳይሆን፣ የእግዚአብሔርን ሥልጣን አትገድቡ ማለቱ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህር ሜላንክቶን በበኩሉ ክርስቶስ የሞተው አንድ ጊዜ ነውና ሌሎች ዓለማት አሉ ማለት አይገባም ሲል ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ኃላፊ የነበሩት አባ ሆሴ ገብርኤል ፉነስ፣ እንዲህ ባሉ ፍጡራን ማመን ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ ተናግረዋል።

ሙስሊሞቹ ተማሪዎች ከሱረቱ አሽ-ሹራ 29ኛውን አንቀጽ እንዲያነቡ ጋብዟቸው፤ አላህ በሰማያትና በምድር ስለ በተናቸው ተንቀሳቃሽ ፍጡራን ይናገራል። የቁርኣን ተንታኙ ኢብን ከሢር መላእክትንና ጂኖችን ጨምሮ ስለሚያብራራው፣ አንቀጹን እንደ ሳይንስ ማስረጃ ለመጥቀስ አትቸኩሉ።

በክርስቲያኖቹ በኩልም ተመሳሳይ ችኮላ አለ። «ከዚህም በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ» የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ቃል ለዚህ ጉዳይ የሚመዝ ተማሪ አይጠፋም፤ አትገሥጹት፣ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እንዲያነብና በጎቹ አሕዛብ ናቸው ከሚለው ትርጓሜ ጋር እንዲያስተያይ ብቻ ጠይቁት።

እናንተ ራሳችሁ ፍርድ አትስጡ። ያልተፈታውን ጥያቄ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ጽፎ ለንስሐ አባቱ፣ ለኡስታዙ ወይም ለፓስተሩ ያቅርብና በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዞ ይምጣ።