በባሕር ዳር የሕሙማን ክፍል ሲሠራ፦ ከመስኮቱ ይጀመር

የአዲስ ወይም የሚታደስ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ንድፍ ሲቀርብልዎ፣ ስለ ቀለምና ሴራሚክ ከመነጋገርዎ በፊት ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁ። ጣና ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ ቀን ቀን አየሩ ብዙውን ጊዜ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ሕንፃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረዝሞ የሰሜንና የደቡብ መስኮቶቹ ከተያዩ ነፋሱ አቋርጦት ያልፋል፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይም በአብዛኛው የሚመታው አጫጭሮቹን ግድግዳዎች ነው።

መጀመሪያ የመስኮቱን ስፋት ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለተለመደ የሕሙማን ክፍል በአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት 160 ሊትር ንጹሕ አየር ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 0.65 × የነፋሱ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ × ከሁለቱ ወገን ያነሰው ክፍት ቦታ በካሬ ሜትር × 1,000። ለ6 አልጋ 360 ሊትር ያስፈልጋል። ነፋሱ ደከም ብሎ 0.5 ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ወገን 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ይበቃል ማለት ነው።

ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ አስታማሚውም ይተነፍሳል። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ወባ ስለሚበረታ መስኮቱ የትንኝ ወንፊት ይፈልጋል፤ ወንፊት ደግሞ ነፋስ ያዳክማል፣ አቧራ ከያዘ ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ 1.1ን እጥፍ አድርገው 2.2 ይያዙ፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ለማጠብ እንዲመች ተነቃይ ይሁን። ወንፊት ባይገጠም ምን ይሆናል? ተረኛዋ ነርስ ሲመሽ መስኮቱን ሁሉ ትዘጋዋለች፤ ልክም ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተንሸራታች መስኮት ነው። 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነው 1.8 ካሬ ሜትር ይመስላል፤ የሚከፈተው ግን 0.9 ብቻ ነው። 2.2 ለመሙላት በየወገኑ ሦስት ያስፈልጋል። በማጠፊያ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ከሆነ ሁለት ይበቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ኮሪደሩን መሃል አድርጎ ክፍሎችን ግራና ቀኝ መደርደር ነው። ቦታ ይቆጥባል፤ ግን እያንዳንዱ ክፍል መስኮት የሚኖረው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም። ኮሪደሩን በደቡብ በኩል 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት በረንዳ ያድርጉት። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት 1 ሜትር ያህል ጥላ ይፈልጋል፤ በረንዳው ይህን አልፎ ይሸፍናል። አስታማሚዎችም አልጋ ጫፍ ላይ ከመቀመጥ ይድናሉ፤ አግዳሚው ግን መተላለፊያውን እንዳያጠብ ከ2.4ቱ ውጪ ይሁን። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው፤ ለዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ጥላ ቢበቃም ለክረምቱ ዝናብ ሲባል 60 ያድርጉት።

የመስኮቱን ደፍ ከፍታ ለመወሰን አልጋ ላይ ተኝተው ይዩ። ከወለል 1.20 ሜትር ከሆነ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዛፉም ሐይቁም ይታያል። ይህ ቅንጦት አይደለም። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ ያዩ የነበሩ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

ለሠራተኛው ደግሞ ሜትር ይዘው ከመድኃኒት ክፍሉ እስከ መጨረሻው አልጋ ይለኩ። 30 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 60 ነው፤ በአንድ ተራ 40 ጊዜ ሲመላለሱበት 2.4 ኪሎ ሜትር። የነርሶች ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ በጣም የታመሙትን በዓይን የሚያገኝ ይሁን። በአልጋና በአልጋ መካከል ከ1 ሜትር አይነስ፤ አለበለዚያ የኦክስጅን ሲሊንደር ሲገባ ነርሷ መቆሚያ ታጣለች። የበሩ ክፍት ስፋት 1.2 ሜትር፣ የእጅ መታጠቢያው በሩ አጠገብ ይሁን።

ፎቅ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ስለሚቆም ራምፕ (አልጋ የሚገፋበት ተዳፋት መውጫ) ያስፈልጋል። በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) 3.3 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ 40 ሜትር ርዝመት ይወስዳል፤ ቦታው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ካልተያዘ በኋላ አይገኝም።