ለመራጮች የሚጠቅም በራሪ ወረቀት እንዴት ይዘጋጃል?

ምርጫ ሲቃረብ በራሪ ወረቀት ይበዛል። አብዛኛው «ድምጽዎ ዋጋ አለው» ይልና ያበቃል። ሰዉ ግን ይህን ያውቃል። የሚቸግረው የት ሄዶ፣ ምን ይዞ፣ እስከ መቼ እንደሚመዘገብ ነው። በሁለት ምርጫዎች በበጎ ፈቃደኝነት እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ብዙውን የተማርኩት ተሳስቼ ስለሆነ እናንተ እንዳትደግሙት እጽፋለሁ።

መጀመሪያ መረጃውን ምርጫውን ከሚያስፈጽመው አካል ውሰዱ። ከሌላ አገር የተዘጋጀ ጥሩ ወረቀት ብታገኙም ይዘቱን አትቅዱ። ጀርመን ውስጥ የመኖሪያ አድራሻውን ያስመዘገበ ዜጋ ስሙ ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ መራጮች መዝገብ ውስጥ ይገባል። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው የምርጫው ቀን ሲነጋ ቢሰለፍም አይመርጥም። የመምረጫ ዕድሜ በአብዛኛው 18 ነው። ኦስትሪያ ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 16 አድርጋዋለች። ጋምቢያማ በ2021 እ.ኤ.አ. እንኳ መራጩ ብይ በርሜል ውስጥ እየጣለ ነው ፕሬዚዳንቱን የመረጠው።

ቀጥሎ ቀኑ ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ያበቃል» ብላችሁ አትጻፉ። ወረቀቱ መቼ እጁ እንደሚገባ አታውቁም። የሳምንቱን ቀን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ጻፉ። እኔ ከዚህም አልፌ ምዝገባውንና ድምጽ መስጫውን በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ነው የማዘጋጀው። ሁለቱ ቀኖች አንድ ገጽ ላይ ካሉ ሰው በልቡ የሚይዘው የምርጫውን ቀን ነው። የምዝገባው ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ድምጽ አሰጣጡን በሥዕል ማሳየት።

የመጀመሪያው ሥራዬ ላይ የድምጽ መስጫ ወረቀት ሥዬ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ሐሳቤ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ለማለት ብቻ ነበር። አሳትመን ማደል ከጀመርን በኋላ አንዲት እናት ወረቀቱን አይተው «ልጄ፣ ላይኛውን ምረጡ ነው የምትሉን?» አሉኝ። ክው አልኩ። እማማ ልክ ነበሩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ያ ሥዕል የቅስቀሳ ወረቀት ነው። የታደለውን የቻልነውን ያህል ሰበሰብን፣ የቀረውን አስወገድነው። ያልሰበሰብነው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይኼ ነው። ሥዕሉ ላይ የእውነተኛ ተወዳዳሪ ስምም ምልክትም አይገባም። «እንስሳ ወይም አበባ ብናደርግ ምን ችግር አለው» እንዳትሉ። ሕንድ ውስጥ ሎተስ አበባ የአንድ ትልቅ ፓርቲ ምልክት ነው፣ የሰው እጅ ደግሞ የሌላው። የተመዘገቡትን ምልክቶች ዝርዝር ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቀለምም ፓርቲ ያስታውሳል፤ ስለዚህ በጥቁርና ነጭ አትሙ። አንድ ሥዕል ብቻ አታስቀምጡ። ሦስት አድርጉና ምልክቱን በየተለያየ ረድፍ ላይ አኑሩት። ያኔ ሰው ማንኛውንም መምረጥ እንደሚችል ያያል።

የማይቆጠር ድምጽን ማሳየት ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች የተሳሳተውን ሥዕል በትልቅ ኤክስ ይሰርዙታል። ነገር ግን በብዙ ቦታ መራጩ ወረቀቱ ላይ የሚያደርገው ምልክት ራሱ ኤክስ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ግራ ይጋባል። እኔ ትክክለኛውን በፊት ገጽ፣ የማይቆጠረውን በጀርባ አደርጋለሁ። ከላዩም «እንዲህ ከሆነ አይቆጠርም» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ምን ዓይነት ምልክት እንደሚፈቀድና ድምጹን ምን እንደሚያበላሽ ከመመሪያው ላይ አረጋግጡ። በግምት የሚሆን ነገር አይደለም።

የወረቀት አቀማመጥ ነገር የተጋነነ የሚመስለው ካለ የ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫን ያስታውስ። ፍሎሪዳ ውስጥ ፓልም ቢች በሚባል አውራጃ የተወዳዳሪዎቹ ስም በሁለት ትይዩ ገጾች ላይ ተደርድሮ፣ መራጩ ድምጽ ለመስጠት የሚበሳው ቀዳዳ መሃል ላይ ነበር። ብዙ ሰው የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ተምታታበት። በግዛቲቱ አሸናፊውን የለየው ይፋዊ ልዩነት 537 ድምጽ ነበር።

ቋንቋውን አቅልሉት። «መስፈርቱን የሚያሟላ ማንኛውም ዜጋ» ከማለት «18 ዓመት ሞልቶዎታል?» ይሻላል። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት። በሌላ ቋንቋም የምታወጡት ከሆነ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይተርጉመው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከዋናው ጋር ያስተያየው። የኮምፒውተር ትርጉም ላይ እንዳትተማመኑ። አንድ «አይ» ብትጎድል ክልከላው ፈቃድ ይሆናል። የሚያምር ዲዛይን መሥሪያ ፍለጋም ጊዜ አትጨርሱ። ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይበቃል።

ከማሳተማችሁ በፊት ለአምስት ሰው አሳዩ። ቢያንስ ሁለቱ ማንበብ የሚከብዳቸው ይሁኑ። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ላለማስቀየም «አዎ» ይላል። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀበሏቸውና «ነገ ለመመዝገብ ቢነሱ ወዴት ይሄዳሉ? ምን ይይዛሉ?» በሏቸው። የሚያመነቱበት ቦታ ላይ ጥፋቱ የእናንተ አጻጻፍ ነው። አስተካክላችሁ ለሌላ ሰው እንደገና አሳዩ።

በመጨረሻ ግርጌው ላይ ወረቀቱ የተዘጋጀበትን ቀን ጻፉ። ያለፈ ምርጫ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም መዞሩ አይቀርም። ቀኑን ያየ ሰው አሮጌ መሆኑን ይለያል። መጠየቂያ ስልክም አድርጉ። ግን ከመታተሙ በፊት እናንተው ደውሉበት። የሚያነሳ ሰው ከሌለ ሌላ ቁጥር ፈልጉ።