ፊት ሲጣመም ከግንባር ጀምሩ፦ የፊት ነርቭ እንዴት ይፈተሻል?

ጠዋት ነው። እማማ ቡናቸውን ፉት ሲሉ በአፋቸው ጥግ ፈሰሰ። አንዱ ጉንጫቸው ወርዷል። ጎረቤት ሁሉ «ብርድ መቷቸው ነው» ይላል። ስትሮክ ቢሆንስ? ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ሚዛን ከጠፋ ፍተሻ ውስጥ አትግቡ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የፊት ነርቭ ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 7ኛው ነው። ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል። እዚያ ካበጠ መላወሻ የለውም፣ ይታፈናል። ከጆሮ ስር ሲወጣ በጆሮ ደግፍ ጊዜ የሚያብጠውን የምራቅ እጢ ሰንጥቆ በ5 ቅርንጫፍ ይበተናል። የሚገርመው ያንን እጢ አያዘውም፤ መንገደኛ ነው።

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እያወራችሁ እዩ። ሰው እየተፈተሸ መሆኑን ካወቀ ፊቱን ያስተካክላል። በደንብ የማይርገበገበው የቱ አይን ነው? ሲስቁ አፍ የሚሳበው ወደ ጤነኛው ጎን ነው። ብዙ ሰው የተጎዳውን ጎን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

2. «እማማ፣ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በሉ። ዋናው ይሄ ነው። ግንባሩ በሁለቱም በኩል ተሸብሽቦ አፍ ብቻ ከተጣመመ ስትሮክ ብላችሁ ተነሱ፤ ደቂቃ አታባክኑ። የላይኛው ፊት ከሁለቱም የአንጎል ወገን ትዕዛዝ ይቀበላል፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይደርስለታል። የታችኛው ፊት ግን በአመዛኙ የሚታዘዘው ከተቃራኒው ወገን ብቻ ነው። ግማሽ ግንባርም አልሸበሸብ ካለ ብዙ ጊዜ የተጎዳው ነርቩ ራሱ ነው። በስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ቤልስ ፓልሲ የሚባለው ዋነኛው ምሳሌ ነው። ብቻ አትዘናጉ፤ የአንጎል ግንድ ስትሮክም ግንባርን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ መሄድ በዚያው ቀን ነው።

3. «አይንዎን ጥብቅ አድርገው ይጨፍኑ።» በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ጤነኛው እምቢ ይላል። የተጎዳው ሳይከደን ይቀርና ብሌኑ ወደ ላይ ሸሽቶ ነጩ ይታያል። ያስደነግጣል፣ ግን አብዛኛው ሰው ሲጨፍን ብሌኑ እንዲሁ ይሸሻል፤ ቆቡ ስለሚሸፍነው አናየውም። ቆቡ ወርዶ አልከፈት ካለ ደግሞ ጥፋቱ የዚህ ነርቭ አይደለም።

4. ጥርስ ያሳዩ፣ ጉንጭ ነፍተው ይያዙ፣ ያፏጩ። አየሩ በየት በኩል ያመልጣል?

5. የምላስን የፊት ሁለት ሦስተኛ ጣዕም የሚያደርሰውም ይኸው ነርቭ ነው። ምላስ እንደወጣ በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ በአንድ ጎን ንኩ። መልሱ በጣት ምልክት ይሁን፤ ምላስ ከተመለሰ ጣዕሙ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ክሊኒክ ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ድምፅ በአንዱ ጆሮ ይጮህባቸው እንደሆነም ጠይቁ። ጆሮው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካያችሁ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

ቤልስ ፓልሲ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት የተሻለ የሚሰራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ነገ ይሻላቸው ይሆናል» እየተባለ የሚያልቀው ይሄ ጊዜ ነው። አይኑ እንዳይደርቅ ቀን ቀን ሰው ሰራሽ እንባ ጠብ አድርጉ፤ ማታ ቆቡን ከድናችሁ በሕክምና ፕላስተር ያዙት።